ዝርያ ሲጨመር የሚወርድ ፍጥነት

አንዲት የዶክትሬት ተማሪ አጭር መልእክት ላከችልኝ። የጂን ቤተሰቦች፣ ማለትም ከአንድ ጂን ተባዝተው የመጡ ዘመዳሞች ጂኖች፣ በዝርያዎች ዛፍ ላይ እንዴት እንደሰፉና እንደጠበቡ የሚያሰላ ሶፍትዌር ከሚጽፉትና ከሚጠግኑት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ የተጠቃሚዎች ጥያቄ ይደርሰኛል። አብዛኛው የፋይል ጉዳይ ነው፦ ሠንጠረዡ በታብ አልተለየም፣ ወይም የዝርያው ስም ዛፉ ላይ ከተጻፈው በአንድ ፊደል ይለያል። የእሷ ግን እንዲህ ይል ነበር፦ «ጤና ይስጥልኝ። አጥቢ እንስሳትን ብቻ ይዤ ሳሰላ ፈጣኑ ምድብ አንድ ቁጥር ሰጠኝ። ዶሮን ጨምሬ ስደግመው ቁጥሩ ወደ ሲሶ ወረደ። የዶሮ መኖር የአጥቢዎችን ጂን እንዴት ሊያዘገይ ይችላል? ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።»

የተለመደውን መልስ ወዲያው ልጽፍላት እችል ነበር። በዚህ ዓይነት ስሌት የጂኖች የመባዛትና የመጥፋት ፍጥነት፣ ላምዳ የምንለው፣ ጣሪያ አለው። ጣሪያው 1 ለዛፉ ረጅም ቅርንጫፍ (በሚሊዮን ዓመት ተቆጥሮ) ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የአጥቢዎቹ ዛፍ ረጅሙ ቅርንጫፍ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነ ላምዳ ከ0.01 አያልፍም። የዶሮና የአጥቢዎች መስመር የተለያየው ደግሞ ከ320 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ስለዚህ ዶሮ ስትገባ ጣሪያው ወደ 0.0031 ይወርዳል። የላከችልኝን ሁለት የውጤት ፋይሎች ከፍቼ አየሁ። በሁለቱም ላይ የፈጣኑ ምድብ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ ብሎ የለያቸው ቤተሰቦች፣ ላምዳ ጣሪያውን ነክቶ ነው የቆመው። ፕሮግራሙ ከዚያ በላይ መፈለግ ፈልጎ ነበር፤ አልተፈቀደለትም።

ይህ ገደብ መመሪያ ላይ የሚጻፍ፣ አዲስ ተጠቃሚ ሲመጣ የሚነገረው ነገር ነው። ጥያቄዋ ግን አለቀቀኝም። ዝሆን ውስጥም አይጥ ውስጥም ጂኖች የተባዙት ተመራማሪው ዛፉ ላይ ዶሮ ማስገባት አለማስገባቱን አይተው አይደለም። የሚለካው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ልኬቱ ከጎኑ በገባ ሌላ ዝርያ ምክንያት ወደ ሲሶ የሚወርድ ከሆነ፣ ያ ገደብ የተፈጥሮ ሊሆን አይችልም። ከእኛ በኩል የመጣ ነገር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ተማሪዋን ትንሽ እንድትታገሠኝ ጠይቄ ሥሩን ፍለጋ ገባሁ።

## ስንት ነበሩ፣ ስንት ሆኑ

ተማሪዋ የምታጠናው የማሽተት ተቀባይ ጂኖችን ነው። ሊንዳ በክ እና ሪቻርድ አክሰል በ1991 ይፋ ያደረጓቸው፣ በ2004 የኖቤል ሽልማት ያስገኙላቸው ጂኖች ናቸው። ሰው የሚሠሩ 400 ያህል አሉት፤ አይጥ ወደ 1,100፣ የአፍሪካ ዝሆን ደግሞ ወደ 2,000 ይደርሳል። አጥቢዎች ሁሉ ከአንድ የጋራ አባት የመጡ ከሆነ፣ እነዚህ ቁጥሮች እንዲህ የተራራቁት በየቅርንጫፉ ጂን እየተባዛና እየጠፋ ነው። የምንሠራው ሥራ ሲጠቀለል ይኼው ነው፦ ዛሬ ጫፉ ላይ ያለውን ብዛት ይዘን፣ ወደ ኋላ ተመልሰን፣ በየመገንጠያው ስንት እንደነበሩና በየትኛው ቅርንጫፍ ላይ ለውጡ ከተለመደው እንደበለጠ መገመት።

ይህ ግምት በዓይን መሆኑ ቀርቶ በሞዴል መሆን የጀመረው በቅርብ ነው። ማቲው ሃን እና ባልደረቦቹ በ2005 የመወለድና የመሞት ሂደትን (የጂን መባዛትን እንደ ልደት፣ መጥፋቱን እንደ ሞት የሚቆጥር ሒሳብ) ከዝርያዎች ዛፍ ጋር አገናኝተው አቀረቡ፤ በ2006 ካፌ የተባለው ፕሮግራም ወጣ። በ2013 የቆጠራ ስሕተትን የሚያስብ ክፍል ተጨመረበት፤ በ2020 የወጣው 5ኛ ቅጂ ደግሞ ቤተሰቦችን በዝግተኛና በፈጣን ምድቦች የሚከፍል ሆነ። ከሥሩ ያለው ሒሳብ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል በዕድሜ። የመወለድና የመሞት ሂደቱን ዴቪድ ኬንዳል በ1948 ዘርግቶታል፤ ከዛፉ ጫፍ ተነስቶ ወደ ሥሩ እየሰበሰቡ የማስላቱን ዘዴ ጆሴፍ ፌልሰንስታይን በ1981 አስፍቶታል። እኛ የምንጨምረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መሠረት ላይ ነው።

የምድቦቹ መምጣት ለተማሪዋ ጥያቄ ወሳኝ ነው። ለሁሉም ቤተሰብ አንድ ላምዳ ብቻ ሲኖር ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው። ለምሳሌ ላምዳ 0.002 ቢሆንና ቅርንጫፉ 90 ሚሊዮን ዓመት ቢረዝም፣ ሁለቱ ሲባዙ 0.18 ነው፤ ከ1 በጣም ይርቃል፤ ጣሪያው መኖሩም አይታወቅም። ምድብ ሲመጣ ግን ፈጣኑ ምድብ ያንኑ ላምዳ በብዙ እጥፍ ያበዛዋል። ለዓመታት ማንም ያልነካው ጣሪያ የሚነካው ያኔ ነው።

እነዚህን ትልልቅ ቤተሰቦች ብዙ ሰው የሚያልፋቸው በሌላ መንገድ ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ 100 ወይም ከዚያ በላይ ቅጂ ያለውን ቤተሰብ ከሠንጠረዡ አውጥቶ፣ በቀሪዎቹ ላምዳን መገመት የተለመደ አሠራር ነው። አሠራሩ ምክንያት አለው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ለማሽተት ጂን ተመራማሪ ይህ ማለት ጥያቄዋን ራሱን ከሠንጠረዡ ማውጣት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

## ከ2 ወደ 2

ኮዱን ከፍቼ ጣሪያው የተጻፈበትን መስመር አገኘሁ። ማብራሪያ የለውም፤ ገደቡ ብቻ ነው ያለው። ከእሱ በታች ያለው ቀመር የመስኩ ሰዎች በሙሉ የሚያውቁት ነው። በቅርንጫፉ መጀመሪያ ላይ ይህን ያህል ጂን ከነበረ፣ መጨረሻው ላይ ያንን ያህል የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? ቀመሩ መልሱን የሚሰጠው የብዙ ቁራጮች ድምር አድርጎ ነው። በውስጡ አልፋ የምንለው ቁጥር አለ፦ ላምዳ በቅርንጫፉ ጊዜ ተባዝቶ፣ ያው ብዜት ላይ 1 ተደምሮ ለተገኘው ሲካፈል። አልፋ ቅርንጫፉ ሲጀምር የነበረ አንድ ጂን፣ ቅርንጫፉ ሲያልቅ አንድም ዘር ሳይተርፈው የመቅረቱ ዕድል ነው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ ደግሞ ከ1 ላይ እጥፍ አልፋ ተቀንሶ የሚገኘው ቁጥር ራሱን በራሱ እየተባዛ ይገባል።

ያ ቅናሽ ላይ ቆምኩ። ላምዳ በጊዜው ሲባዛ 1 ከሆነ፣ አልፋ ግማሽ ነው፤ ቅናሹም ዜሮ። ከዚያ ካለፈ ቅናሹ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ቁራጮቹም አንዱ ተደማሪ፣ አንዱ ተቀናሽ እየሆኑ ይፈራረቃሉ። ጣሪያው የተቀመጠው ልክ እዚህ ነጥብ ላይ ነው። አንድ ሰው ቅናሹ ከዜሮ እንዳያልፍ አጥር አበጀለት፤ አጥሩ ላይ የቆመውን ቁጥር ግን ቀሪዎቻችን የጂኖች ፍጥነት አድርገን አነበብነው።

አሁን ማወቅ የፈለግሁት ከአጥሩ ባሻገር ያለው ነገር በእርግጥ ትርጉም የለውም ወይ የሚለውን ነበር። ወረቀት አወጣሁ። ትንሹን ምሳሌ መረጥኩ፦ ሲጀመር 2 ጂን፣ ሲያልቅም 2 ጂን። ላምዳ በጊዜው ሲባዛ 3 ይሁን፤ ከጣሪያው ሦስት እጥፍ ማለት ነው። አልፋ 0.75 ይሆናል፤ ቅናሹም -0.5። ቁራጮቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው 0.94921875። ሁለተኛው -1.125። ሦስተኛው 0.25። ስደምራቸው 0.07421875 መጣ።

ንጹሕ ዕድል ነው። ከዜሮ በላይ፣ ከ1 በታች፤ ምንም ነውር የለበትም። ሁለተኛው ቁራጭ ብቻውን ሲታይ የማይረባ ነገር ይመስላል፤ ከዜሮ በታች የሆነ፣ መጠኑም ከ1 ያለፈ ዕድል የሚባል ነገር የለምና። ድምሩ ግን ትክክል ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ጣሪያ የለውም። ከ2 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 1 እያልኩ ሌሎችንም ሠራሁ፤ ሁሉም በቦታቸው ገቡ። ይህን ውጤት ለዓመታት እንደ ሕግ ሲዞር ካየሁት ገደብ ጋር ሳነጻጽረው የተሰማኝ ነገር ደስታም ቁጣም አልነበረም፤ ትልቅ ክፍት ቦታ ነው የታየኝ። ስንት የጂን ቤተሰብ ነው እዚህ መስመር ላይ ደርሶ የተመለሰው?

ታዲያ አጥሩ ለምን ተበጀ? ከወረቀቱ ወደ ኮምፒዩተሩ ስመለስ ግልጽ ሆነ። በ2 ጂን የሚሠራው በ100 ጂን አይሠራም። በቁራጮቹ ውስጥ ከ100 ነገሮች ውስጥ 50ዎቹን በስንት መንገድ መምረጥ ይቻላል የሚል ዓይነት ብዜት አለ፤ ይህ ብቻውን 30 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ከሌሎቹ ጋር ሲባዛ ቁራጮቹ ከ1 በትሪሊዮን ትሪሊዮን እጥፍና ከዚያም በላይ የሚበልጡ ይሆናሉ። መልሱ ግን ከ1 ያነሰ ነው። እነዚያ ግዙፍ ቁጥሮች እርስ በርስ ተቀናንሰው ነው ወደዚያች ትንሽ ቁጥር መድረስ ያለባቸው። ኮምፒዩተር በተለመደው 64 ቢት አጻጻፍ የሚይዘው 16 ያህል አሃዝ ነው። የግዙፎቹ የመጀመሪያዎቹ 16 አሃዞች ተቀናንሰው ሲያልቁ መልሱ የነበረበት አሃዝ ቀድሞውኑ ተጥሏል። የሚቀረው ጉድፍ ነው፤ አንዳንዴም ጉድፉ ከዜሮ በታች ይሆንና ሎግ ሲወሰድለት ፕሮግራሙ ቁጥር አይደለም ብሎ ይቆማል።

አጥሩን ያበጀው ሰው በራሱ ዘመንና በራሱ መረጃ ትክክል ነበር። ከአጥሩ ወዲህ ቁራጮቹ ሁሉ ተደማሪ ስለሆኑ ምንም አይጠፋም። አንድ ላምዳ ብቻ ሲገመት ደግሞ ከአጥሩ ማዶ የሚፈለግ ነገር አልነበረም። እሱን መውቀስ አይገባም። የተረሳው ነገር የአጥሩ ምክንያት ነው።

## ዘር የተረፈላቸውን መቁጠር

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ብዙ አሃዝ የሚይዝ የቁጥር አጻጻፍ አምጥቶ ያንኑ ቀመር በእሱ ማስላት ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን በጣም ይዘገያል። ይህ ስሌት ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ፣ ለእያንዳንዱ ምድብ፣ ላምዳ በተቀየረ ቁጥር እንደገና የሚደረግ ነው። ሌላ ቦታ ያየሁት ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ከዜሮ በታች የወጣውን ዕድል ሁሉ ዜሮ ነው ብሎ ማለፍ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዜሮ የተባለው ዕድል እኮ ዜሮ አይደለም፤ ከጎኑ ያሉት ከዜሮ በላይ የወጡትም ያው ጉድፍ ናቸው፤ ልዩነቱ እነሱ ዓይን ውስጥ አለመግባታቸው ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሁለተኛው መንገድ ነበር። ቀመሩን ወደ ጎን ትቼ ስለ ጂኖቹ አሰብኩ። ሲጀመር 2 ጂኖች አሉ። ስንት ሆኑ ብዬ ከመጠየቄ በፊት ከሁለቱ ለስንቶቹ ዘር ተረፈላቸው ብዬ ብጠይቅስ?

ለአንዱ ብቻ ከተረፈ፦ ይህ የሚሆንበት ዕድል 2 ሲባዛ በ0.75 ሲባዛ በ0.25 ነው። የዚያ የአንዱ ዘር ደግሞ በትክክል 2 መሆን አለበት፤ ይህም 0.25 ሲባዛ በ0.75 ነው። ሁሉም ሲባዛ 0.0703125። ለሁለቱም ከተረፈ፦ 0.25 ሲባዛ በ0.25፤ የየአንዳንዳቸው ዘር 1 ብቻ መሆን አለበት፤ ያም እንደገና 0.25 ሲባዛ በ0.25። ውጤቱ 0.00390625። ሁለቱ ሲደመሩ 0.07421875።

እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ያው ቁጥር ነው። መቀነስ የሚባል ነገር ግን የለም። እያንዳንዱ ቁራጭ በራሱ ሊሆን የሚችል ነገር ዕድል ነው፤ በቃል ልነግራችሁ የምችለው ታሪክ አለው። በመጀመሪያው ቀመር ውስጥ ያለውን -1.125 ምን እንደሆነ ጠይቁኝ ብትሉ ግን መልስ የለኝም። ወረቀቱን ይዤ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። አዲስ ነገር አላገኘሁም፤ የተረፈ ዘር ብዛት ቀላል ሥርዓት እንደሚከተል ከኬንዳል ከ1948ቱ ሥራ ጀምሮ የታወቀ ነው። ሁለቱ አጻጻፎች በሒሳብ ዓይን አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ግን አንድ አይደሉም፤ በዚህም የተነሣ ለተማሪዋ ዝሆን አንድ አይደሉም።

ከዚያ በኋላ ኮድ መጻፉ ቀላሉ ክፍል ነበር። የቁራጮቹ ብዛት ከበፊቱ አይበልጥም። የኮምቢኔሽኖቹን (በስንት መንገድ መምረጥ ይቻላል የሚሉትን ቁጥሮች) ሎግ አስቀድሞ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ፣ ቁራጮቹን በሎግ መደመር፣ ርዝመታቸው እኩል ለሆኑ ቅርንጫፎች አንዴ የተሰላውን መልሶ መጠቀም፤ እነዚህ ቀድሞም የነበሩ ነገሮች ናቸው። ፍጥነቱም ያው ሆነ።

## ፈተናዎቹ ያልጠየቁት

ከቀመሩ ይልቅ ብዙ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ፕሮግራም ፈተና አላጣም፤ ደህና አድርጎ ይፈተናል። በታወቀ ላምዳ የጂን ቤተሰቦችን ዛፉ ላይ አስመስሎ ያመነጫል፣ ከዚያ ራሱ ላምዳውን መልሶ ማግኘቱን ያያል። ሁሌም ያገኛል። ለምን እንደሚያገኝ ስመለከት፣ ለፈተናው የሚመረጠው ላምዳ ራሱ ከጣሪያው በታች ነው። ጣሪያው ለሁሉም እንደ ሕግ የተያዘ ስለሆነ ፈተናውን የጻፈውም ሰው ከሕጉ አልወጣም። ስለዚህ ፈተናው ጣሪያውን ሊያይ የሚችልበት ቦታ ላይ ቆሞ አያውቅም።

አሁን የተጨመሩት ፈተናዎች ሁለት ቀላል እውነቶችን ይጠይቃሉ። አንደኛው፣ ከአንድ የጂን ብዛት ተነስቶ ወደ የትኛውም ብዛት የመድረስ ዕድሎች ሲደመሩ 1 ይሆናሉ ወይ? ሁለተኛው፣ መባዛትና መጥፋት እኩል ፍጥነት ሲኖራቸው አማካዩ ብዛት ከመነሻው አይለወጥም፤ ስሌቱ ይህን ይጠብቃል ወይ? የትኛውም ቀመር ቢጻፍ እነዚህ መፍረስ የለባቸውም። ላምዳ በጊዜው ሲባዛ 0.1 ላይም፣ 1 ላይም፣ 3 ላይም ይጠየቃሉ።

የመጀመሪያው ፈተና ወዲያው አንድ የተደበቀ ነገር አወጣ። በትልልቅ ላምዳ ላይ ድምሩ ከ1 ያንሳል። ቀመሩ አይደለም ጥፋተኛው፤ ሠንጠረዡ ጠቦ ነው። ፕሮግራሙ የሚያስበው ትልቁ የቤተሰብ ብዛት በመረጃው ውስጥ ከታየው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። የብዛቱ ቫሪያንስ (የመዋዠቁ ልክ) ግን እጥፍ የመነሻው ብዛት በላምዳና በጊዜው ሲባዛ ነው፤ በ100 ጂን ተነስቶ ላምዳ በጊዜው 3 ከሆነ ቫሪያንሱ 600፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ወደ 24.5 ይደርሳል። 120 ላይ የቆመ ሠንጠረዥ ከሚሆነው ነገር ቀላል የማይባል ክፍል ይቆርጣል። ስለዚህ የሠንጠረዡ ስፋት አሁን ከላምዳው ጋር አብሮ ያድጋል። የማስታወሻ ቦታ ይበላል፤ ይህን አልደብቅም፤ ቢሆንም የሚገባው ቦታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከቀመሩም ከፈተናውም በፊት መደረግ የነበረበት ይመስለኛል። የተሻለውን ላምዳ የሚፈልገው ስልት ጣሪያ ላይ ሲደርስ ከዚያ ማለፍ ስለማይችል ይቆማል፤ ሲቆምም «ፍለጋው ተጠናቋል» ብሎ ያትማል። ተጠቃሚው ከመሃል ሜዳ የተገኘ መልስና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መልስ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሆነው ይደርሱታል። ተማሪዋ ዶሮ ባትጨምር ኖሮ የመጀመሪያውን ቁጥር ይዛ መመረቂያዋ ላይ ትጽፈው ነበር፤ ማንም አይጠረጥራትም። አሁን ፕሮግራሙ መልሱ ድንበር ላይ ከቆመ በግልጽ ይናገራል፤ የትኛው ድንበር እንደሆነም ይጠቅሳል። ይህን ለማድረግ ከቀመሩ አንድ ፊደል መለወጥ አላስፈለገም፤ የትኛውም ቡድን ነገ ጠዋት ሊያደርገው ይችላል።

## ጣሪያው ከተነሳ በኋላ

ተማሪዋ አዲሱን ቅጂ ሞክራ መልሳ ጻፈችልኝ። ፈጣኑ ምድብ የቀድሞውን ጣሪያ አልፎ ሄደ፤ ዶሮ ስትገባም ስትወጣም ቁጥሩ ተቀራራቢ ሆነ። ነገር ግን ሌላ ነገር አብሮ ታየ። ከፍጥነቱ ከፊሉ የመጣው ከአንድ ዝርያ ነው፤ የዚያ ዝርያ ጂኖም ገና በተቆራረጠ ሁኔታ የተገጣጠመ ስለሆነ፣ ከሁለት የተከፈለ አንድ ጂን እንደ ሁለት ጂን የሚቆጠርበት ቦታ ብዙ ነበር። ጣሪያው ይህን ሁሉ ሸፍኖት ኖሯል። በ2013 የመጣው የቆጠራ ስሕተት ሞዴል የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነውና እሱን ጨምራ ደገመችው፤ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ግን ከቀድሞው ጣሪያ በላይ ቀረ። እኔ እዚህ ላይ የቆመውን ቁጥር ከበፊቱ ይልቅ አምነዋለሁ፤ ሊገዳደረው የሚችል ነገር ሁሉ መንገድ ተከፍቶለታልና።

ስለ 100ው ማጣሪያ ቆይቼ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ማጣሪያው ይጥፋ አልልም። ትልልቅ ቤተሰቦች በጣም ስለሚዋዥቁ ጥቂቶቹ ብቻቸውን የጠቅላላውን ላምዳ ሊጎትቱት ይችላሉ፤ ላምዳን በቀሪዎቹ ገምቶ ትልልቆቹን ለብቻ በእሱ መመዘን ጤነኛ አሠራር ነው። እንዲሁም ጂኖችን በቤተሰብ የሚመድቡት ፕሮግራሞች እንደ ማሽተት ተቀባዮች ያለውን ግዙፍ ስብስብ ብዙ ቦታ ስለሚከፍሉት፣ ሁሉም በአንድ ረድፍ ላይ አይመጣም። የምለው፣ ማጣሪያው ተመራማሪው አስቦበት የሚወስነው ይሁን ነው። ፕሮግራሙ 150ን መቁጠር ስላቃተው የሚወጣ ቤተሰብ ሊኖር አይገባም። ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልለው «ትልልቅ ቤተሰቦች ተወግደዋል» ሲባል አንባቢው የትኛው እንደሆነ መለየት አይችልም።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ የመባዛትንና የመጥፋትን ፍጥነት መለያየት ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ መነሣት ሒሳቡን ያቀልላል እንጂ ጂኖቹ እንዲህ እንዲሆኑ የሚያስገድዳቸው የለም። የመጥፋቱን ፍጥነት ሙ እንበለው። ዘር የተረፈላቸውን የመቁጠሩ መንገድ እዚህም ይሠራል፤ ችግሩ አልፋ ራሷ የምትሰላበት ቦታ ላይ ነው። የተለመደው አጻጻፍ ላይም ታችም በላምዳና በሙ ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ 0 ለ0 ይሆናል፤ ሲቀራረቡ ደግሞ ያው የአሃዝ መጥፋት ተመልሶ ይመጣል። ፕሮግራሙ መልሱን የሚፈልገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ሁለቱ በሚቀራረቡበት አካባቢ ነው።

ለጊዜው የያዝኩት መፍትሔ ልዩነቱን አንድ ቦታ ላይ ብቻ መሰብሰብ ነው። የልዩነቱንና የጊዜውን ብዜት ኤክስፖኔንሻል ወስዶ፣ 1 ቀንሶ፣ ለልዩነቱ ማካፈል፤ ቅናሹንም በእጅ ሳይሆን በየፕሮግራም ቋንቋው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለዚሁ በተዘጋጀው ኤክስፕኤም1 በተባለ ፈንክሽን ማድረግ፤ አሃዝ ሳይጥል ያሰላዋል። ያንን ቁጥር ኢ ብንለው፣ አልፋ ሙ በኢ ተባዝቶ፣ 1 ከላምዳና ከኢ ብዜት ጋር ተደምሮ ለሚገኘው ሲካፈል ነው። መጥፋት ከመባዛት ቢበልጥም ኢ ከዜሮ በላይ ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ደግሞ ኢ የቅርንጫፉ ጊዜ ራሱ ይሆንና ቀመሩ በፊት ወደነበረው መልኩ ይመለሳል። ኮዱን ገና አላስገባሁትም። መጀመሪያ ፈተናዎቹን እየጻፍኩ ነው፤ ከነዚህም ውስጥ ላምዳና ሙ በ15ኛው አሃዝ ላይ ብቻ የሚለያዩበት አለ።